ራስን አለመናቅ፣ ላመኑበትም መቆም

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ አፈር ገፊ ነኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሸክላ ሠሪዋ በስብሰባ መካከል ጥሩ ሐሳብ እያላት፣ «ማን ይሰማኛል?» ብላ ዝም ትላለች። ገና ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ ደግሞ፣ «በዚህ ዕድሜዬ እርሳስ ይዤ ቢያዩኝ ሰዎች ይስቁብኛል» ብሎ ደብተሩን በጋቢው ይሸፍናል።

አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ትሕትና አይደለም። ትሕትና ሌላውን ሰው ማክበር ነው። ይህኛው ግን ራስን መናቅ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ትሑት ሰው የሌላውን ሐሳብ ያዳምጣል፤ የራሱንም ይናገራል። ራሱን የናቀ ሰው ግን ሳይናገር ይቀራል። ቤቱ ከገባ በኋላ «ምነው ተናግሬ በሆነ!» እያለ ይቆጫል።

ታዲያ አንዳንድ ሰው ምክር ፈልጎ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ «ራሴን እንዳልንቅ ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ሲቃወመኝስ ላመንኩበት ነገር እንዴት ልቁም?» ጥያቄው ከባድ ነው። «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በእውነት የተፈጸመ ታሪክ እንመለከታለን። ታሪኩ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ነው። ነገር ግን በእኛው አገር፣ በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ በሚባለው ሰፈር በኩል ያልፋል።

ንቀት ከየት ይመጣል?

ራሱን ንቆ የሚወለድ ሰው የለም። ሕፃን ልጅ ሲርበው ይጮኻል፤ ሲደሰት ይስቃል፤ ማንንም አያፍርም። ንቀት ከውጭ የሚገባ ነገር ነው። በስድብ፣ በሹክሹክታ፣ በልማድ ይገባል።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባል ነበር። ገበሬውም «አፈር ገፊ» ከመባል አልዳነም። ነገሩ በጣም ስለ ከፋ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። የሰደበ ሰው እንዲቀጣም አዘዙ።

አዋጁ መልካም ነበር። ነገር ግን ስድብ በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። እስቲ ተሳዳቢውን ልብ ብላችሁ እዩት። የለበሰውን ሸማ የሠራው ማን ነው? እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችው ማን ናት? ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው? ጤፉን ማን አረሰው? ሰውየው የሚሰድባቸውን ሰዎች ሥራ ለብሶና በልቶ ነው የሚሳደበው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስድቡ ከተሳዳቢው አፍ ወጥቶ በተሰዳቢው ልብ ውስጥ ቤት ሲሠራ ነው። ያን ጊዜ ተሳዳቢ አያስፈልግም። ሰውየው ራሱን በራሱ ይሰድባል። ይህ በተራ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። በታላላቅ ታጋዮች ላይም ይደርሳል።

ጥቁር አብራሪ ያዩት ሰው

ደቡብ አፍሪካ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ አገር ነው። በዚያ አገር ጥቂት ነጮች ብዙውን ጥቁር ሕዝብ ለረጅም ዘመን ገዝተዋል። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አፓርታይድ የሚባል ሥርዓት አቆሙ። አፓርታይድ ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለያይ ሥርዓት ነው። ጥቁር ሰው የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚቀመጥበት ወንበር ሳይቀር በሕግ ተለየ። ጥቁር ሰው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከተማ ውስጥ ከተገኘ ይታሰር ነበር።

ኔልሰን ማንዴላ በዚህ አገር ሐምሌ 11 ቀን 1910 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በገጠር ነው። በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል። አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሮሊህላህላ ነበር። ትምህርት ቤት በገቡበት ቀን ግን አስተማሪዋ «ኔልሰን» የሚል የእንግሊዝ ስም ሰጠቻቸው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ልጆች እንዲህ ማድረግ ልማድ ነበር። ትምህርቱ ገና ከመጀመሩ የወላጅ ስም ወደ ጎን ይገፋል ማለት ነው።

ማንዴላ አድገው የሕግ ትምህርት ተማሩ፤ ጠበቃ ሆኑ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በሚባለው ድርጅት ውስጥ ገብተው ለጥቁሮች መብት ታገሉ። መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ሻርፕቪል በሚባል ቦታ የይለፍ ወረቀቱን በመቃወም በተሰለፈ ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኮሰ። 69 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ድርጅቱን አገደው። ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. በድብቅ ከአገራቸው ወጥተው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች እርዳታ ለመጠየቅ ተነሡ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ተሳፈሩ። ሲገቡ አብራሪውን አዩት። አብራሪው ጥቁር ነበር። ማንዴላ ከዚያ ቀን በፊት ጥቁር አብራሪ አይተው አያውቁም። በዚያች ቅጽበት ደነገጡ። ጥቁር ሰው አውሮፕላን እንዴት ሊያበር ይችላል የሚል ሐሳብ መጣባቸው።

ልብ በሉ። እኚህ ሰው ጥቁር ከነጭ አያንስም ብለው ሥራቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ ሰላማቸውን የተዉ ሰው ናቸው። ቢሆንም የአፓርታይድ ንቀት ሳያውቁት በልባቸው ጥግ ተቀምጦ ነበር። ማንዴላ ግን ወዲያው ነቁ። ይህ ሐሳብ የራሳቸው እንዳልሆነ፣ ጨቋኞቻቸው ያስተማሯቸው መሆኑን ተረዱ። ድንጋጤያቸውን ዋጥ አድርገው ተቀመጡ። ይህን ነገር በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ራሳቸው ተርከውታል፤ አልደበቁትም።

እንግዲህ ራስን አለመናቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚያዋርድ ሐሳብ በልባችን ሲመጣ «ይህን ቃል ማን አስተማረኝ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ከየት እንደመጣ ስናውቅ ጉልበቱ ይደክማል።

ኮልፌ ላይ የተማሩት

ኮልፌ ከመርካቶ በስተምዕራብ የሚገኝ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በ1954 ዓ.ም. የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ በዚያ ነበር። ማንዴላ አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካውያን ስብሰባ ተካፍለው፣ ሌሎች አገሮችንም ዞረው፣ በክረምቱ መግቢያ ተመልሰው ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ ገቡ።

ዕድሜያቸው 44 ዓመት ሊሞላ ነበር። ጠበቃ ናቸው፤ በአገራቸው ስመ ጥር ናቸው። ኮልፌ ላይ ግን እንደ ምልምል ወታደር ተማሪ ሆኑ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኩስና የፈንጂ ሥራ ይማራሉ። ስንቅና ጠመንጃ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከምሳ በኋላ እንደገና ይቀጥላሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይስቅብኛል» አላሉም። የማያውቁትን ለመማር መቀመጥ ውርደት እንዳልሆነ ያውቁ ነበርና።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር አመራር ያስተምሯቸው ነበር። ማንዴላ ከዚያ ትምህርት በተለይ አንድ ነገር አልረሱም። ለነፃነት የሚዋጋ አለቃ በሥራ ሰዓት በሙሉ ልብ ያዝዛል። ከሥራ ውጭ ግን ከመጨረሻው ተራ ወታደር ጋር እኩል ነው። እነርሱ የሚበሉትን ይበላል፤ ከእነርሱ ተለይቶ ብቻውን አይመገብም።

የኮሎኔል ታደሰ የራሳቸው ታሪክም ትምህርት አለው። የሰላሌ ሰው ናቸው፤ ኋላ ጄኔራል ሆነዋል። ከፖሊስ ሥራቸው ሌላ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረውን «የፊደል ሠራዊት» መርተዋል። ታደሰ ኦሮሞ ነበሩ፤ ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም ነበር። ስለ እርሳቸው የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ይህን ሳያውቁ ትምህርቱ ለኦሮሞ ሕዝብ በሰፊው እንዳይዳረስ መከሯቸው። ታደሰ ዝም ብለው ሹመታቸውን መጠበቅ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ማንነታቸውን ሸሽገው መኖርን አልመረጡም። በሕዝብ መዋጮ ትምህርት ቤትና መንገድ ለመሥራት በቆመው በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ገቡ።

ዋጋውም ከባድ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ። የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ቢፈቱም፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ይህን መደበቅ አይገባም። ላመኑበት መቆም አንዳንዴ ብዙ ያስከፍላል። ለዚህም ነው ለምን እንደሚቆሙ አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው።

የሱሪው ነገር

የማንዴላ ሥልጠና ለስድስት ወር የታሰበ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከአገራቸው «ቶሎ ይመለሱ» የሚል መልእክት መጣ። ተመለሱ። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ።

ፍርድ ቤት የቀረቡት በሱፍ ልብስ አልነበረም። የነብር ቆዳ ለብሰው ነው የገቡት። የአያቶቻቸው የክብር ልብስ ነው። በነጮች ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው ሆነው እንደቆሙ በአለባበሳቸው ተናገሩ። ጥቅምት 28 ቀን 1955 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተፈረደባቸው።

እስር ቤት ሲገቡ ቁምጣ ተሰጣቸው። እኛ ዘንድ ቁምጣ የገበሬ የሥራ ልብስ ነው፤ አያሳፍርም። እዚያ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ለህንዶችና ለክልሶች ረጅም ሱሪ ይሰጣል፤ ለጥቁሮች ብቻ ቁምጣ። «ጥቁር ምንጊዜም ልጅ ነው» ለማለት ነው። ማንዴላ «አልለብስም» አሉ። ምግቡንም አልበላም አሉ። አለቃው የጠየቁትን ሰጣቸው፤ ረጅም ሱሪ አገኙ። ነገር ግን ከሰው ለይቶ ብቻቸውን ዘጋባቸው።

በቀን 23 ሰዓት በር ተዘግቶባቸው ተቀመጡ። የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም። ከበረሮ ጋር ሊነጋገሩ ምንም እንዳልቀራቸው ጽፈዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሰቡ። ረጅም ሱሪ ለብሶ ብቻ ከመሆን፣ ቁምጣ ለብሶ ከጓደኞች ጋር መሆን ይሻላል አሉ። ሱሪውን መልሰው ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ተቀላቀሉ።

ይህ መሸነፍ ነው? አይደለም። ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩ የበለጠውን መምረጥ ነው። ማስረጃው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. በሌላ ክስ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሮበን በሚባል ደሴት ላይ ታሰሩ። እዚያም የቁምጣው ልማድ ጠበቃቸው። አሁንም ተቃወሙ። አንድ ቀን በክፍላቸው ውስጥ ረጅም ሱሪ ተጥሎ አገኙ። በጣም ደስ አላቸው። ሳይለብሱት ግን ጓደኞቻቸው እንደተሰጣቸው ጠየቁ። አልተሰጣቸውም ነበር። «እንግዲያው ይህን ውሰዱት» ብለው መለሱት። ትግሉ ዓመታት ወስዶ በመጨረሻ ሁሉም ረጅም ሱሪ ለበሱ።

እነሆ፣ ለራስ ብቻ መቆምና ለእምነት መቆም የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ለራሱ ብቻ የሚቆም ሰው ሱሪውን ለብሶ ዝም ይላል። ላመነበት የሚቆም ሰው ግን «ሌሎቹስ?» ይላል።

በደሴቱ ላይ እስረኞቹ ቀን ቀን የኖራ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ከሥራው ጎን ለጎን እርስ በርስ ይማማሩ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ እስረኞች ከጓደኞቻቸው ማንበብ ተምረዋል። ማንዴላም የጠባቂዎቻቸውን ቋንቋ ተማሩ። ጠላትን ማወቅ፣ ሰውነቱንም መረዳት ያስፈልጋል ብለው ነው።

በ1977 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው መሪ ቦታ «የኃይል ትግልን እተዋለሁ ካሉ እፈታዎታለሁ» አሏቸው። ያን ጊዜ ማንዴላ 66 ዓመታቸው ነበር፤ ከ22 ዓመት በላይ ታስረዋል። መልሳቸውን የካቲት 3 ቀን 1977 ዓ.ም. ልጃቸው ዚንድዚ ለተሰበሰበው ሕዝብ አነበበች። ድርጅታቸው ታግዶ፣ ሕዝባቸው የይለፍ ወረቀት ተሸክሞ ሳለ የእርሳቸው ብቻ መፈታት ነፃነት እንዳልሆነ ገለጹ። አልወጡም። እንደገና አምስት ዓመት ቆዩ። የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ያለ ምንም ግዴታ ተፈቱ። ግንቦት 2 ቀን 1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመጨረሻውን የነጮች መንግሥት የመሩትን ዴ ክለርክንም በምክትልነት ይዘው ሠሩ። ማንዴላ ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. አረፉ።

ታዲያ እኛስ ምን እናድርግ?

እኛ ሁላችን ማንዴላ አይደለንም። 27 ዓመት እንድንታሰርም የሚጠይቀን የለም። ነገር ግን በየመንደሩ፣ በየገበያው፣ በየቤቱ የሚመጣ ፈተና አለ። ከታሪኩ የምንወስደውን ምክር እነሆ።

አንደኛ፣ ስድቡን ከማንነታችሁ ለዩት። «ሸማኔ» የሥራ ስም ነው፤ «ገበሬ» የክብር ስም ነው። ስድብ ያደረገው የተሳዳቢው አፍ ነው።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ቁጠሩ። ይህን የጻፍኩላችሁ እኔ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። መጽሐፍ አነብባለሁ። በሬ ጠምጄ ትልሜን ማቅናት ግን አላውቅም። አፈሩን አይቶ የትኛው ዘር እንደሚስማማው መለየት አልችልም። እናንተ ትችላላችሁ። እናንተ ደግሞ ያልቆጠራችሁትን ፊደል እኔ ቀድሜ ቆጠርኩ። እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው አለ፤ የምንማረውም አለ። ማን ማንን ይንቃል?

ሦስተኛ፣ የምትለቁትንና የማትለቁትን ነገር ለዩ። በሁሉ ነገር «እምቢ» የሚል ሰው ግትር ይባላል። በምንም ነገር «እምቢ» የማይል ሰው ደግሞ የነፋስ ገለባ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ «ዝም ብለህ ፈርም፣ አንተ አንብበህ አትጨርሰውም» ቢላችሁ፣ «ቀስ ብዬ አነብበዋለሁ፤ ያላነበብኩትን አልፈርምም» በሉ። ቢቆጣም ይቆጣ። በጣት አሻራ ብቻ መሬቱን፣ ከብቱን ያጣ ሰው ብዙ ነው። ወይም ዘመድ ተሰብስቦ ልጃችሁን ገና በሕፃንነቷ «ለባል ስጧት» ቢላችሁ፣ ይህ የማይለቀቅ ነገር ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። በድግሱ ብዛት፣ በቀኑ መራቅና መቅረብ ግን ብትስማሙ ምንም አይደለም።

አራተኛ፣ ምክር ጠይቁ። ምክር መጠየቅ የድክመት ምልክት አይደለም። ግን ከማን? የምትሰሙትን ብቻ ከሚነግራችሁ አሞጋሽ አይደለም። ከጠባችሁ ከሚያተርፍ ሰውም አይደለም። ነገሩን ሰምቶ «እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ እዚህ ላይ ግን ተሳስተሃል» ከሚላችሁ ሽማግሌ፣ ጓደኛ፣ አስተማሪ ጠይቁ። በቁጣ ሰዓት የተቀበላችሁትን ምክር ደግሞ አሳድሩት። ጠዋት ሲነጋ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

አምስተኛ፣ ብቻችሁን አትቁሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ልጄን አልድርም የሚል አባት አንድ ከሆነ ይሰደባል። አምስት አባቶች ከሆኑ ግን የመንደሩ ልማድ ይለወጣል።

ስድስተኛ፣ ስትቆሙ ሌላውን አትጥሉ። ራሴን አልንቅም ማለት ጎረቤቴን እንቃለሁ ማለት አይደለም። ትናንት የተሰደበ ሰው ዛሬ ተሳዳቢ ከሆነ፣ ስድቡ ሰው ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። ራሱን የናቀ ሰው ለማንም ሊቆም አይችልም፤ እግሩ የሚያርፍበት መሬት የለውምና። ራሱን ያላቃለለ ሰው ግን ለሌላውም ይተርፋል። ደብተራችሁን በጋቢ አትሸፍኑ። ግልጥ አድርጋችሁ አንብቡ።

ጥያቄዎች (አንብባችሁ ተወያዩበት)

1. በትሕትናና ራስን በመናቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ማንዴላ ጥቁሩን አብራሪ ባዩ ጊዜ ለምን ደነገጡ? ከዚያስ ምን አደረጉ?
3. ማንዴላ መጀመሪያ ሱሪውን ለምን መለሱ? በደሴቱ ላይስ ለምን መለሱ? ሁለቱን አነጻጽሩ።
4. በሰፈራችሁ በሥራው ምክንያት የሚናቅ ሰው አለ? ያ ሰው ባይኖር ምን ይጎድልባችሁ ነበር?
5. እናንተ የማትለቁት አንድ ነገር ምንድን ነው? በደብተራችሁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።